ታጥቦ የተመለሰ መኪና

«ያቃጠለችው እሷ ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው?» ሲባል የሰማችው መታጠቢያ ቤት ቆማ የአባቷን ሰው ሠራሽ ጥርስ በብሩሽ እየፈተገች ሳለ ነው። ታላቅ ወንድሟ ጠዋት አባቱን ሊጠይቅ ጎራ ብሎ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወራል። እሱ ስልክ ጆሮው ላይ አይለጥፍም። ጨረሩ ጭንቅላት ይጎዳል ብሎ ስለሚያምን ድምፁን ከፍቶ፣ ስልኩን እንደ ሾርባ ሳህን በመዳፉ አስቀምጦ ነው የሚያወራው፤ በዚህ የተነሳ የቤተሰቡን ምስጢር ከሰው ይልቅ የኮሪደሩ ግድግዳ ያውቀዋል። «የመኪናው ቁልፍስ?» አለች እህቷ ከመዳፉ ላይ። «ዛሬ አሥር ሰዓት፣ ሁላችንም ባለንበት ታስረክባለች። ማሠሪያውንም ራሷ ትችላለች። ለዚያ ለመሞረጃ ማሽኗ ያጠራቀመችው አለ አይደል?» «እሱስ አላት» አለች እህቷ፣ የተረሳ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ መኖሩ ትዝ እንዳለው ሰው። ትንሿ ቧንቧውን ዘጋች። ጥርሱን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተች፣ እጇን አደረቀች፣ ወንድሟ ቤቱን ለቆ እስኪወጣ እዚያው ቆማ ጠበቀች። ሲወጣ «ትንሿ፣ ሄድኩ!» ብሎ በደግ ድምፅ ተሰናበታት።

ትንሿ ይሏታል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯ ከፊት መሸበት ጀምሯል፤ በአንድ መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ ቢዘረጉ ሁለቱ ግድግዳ በሚነካበት ቦታ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሰው መነጽር መስታወት ስትሞርድ ኖራለች። ቤተሰቡ ግን ዛሬም ትንሿ ይላታል፤ ትንሽ ነገር ሲሰጣት እንዳይከብደው ይሆናል። አባቷ የእሷ ድርሻ የሆነው ማንም ተሰብስቦ ወስኖ አይደለም። እናታቸው የሞተች ሰሞን ሁለቱ ታላላቆቿ ልጆች አሉን፣ ትዳር አለን፣ ሰፈራችን ሩቅ ነው እያሉ አንድ በአንድ ወጡ፤ እሷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ስለነበር ቀረች። ከዚያ ሦስቱም አዋጥተው ስምንት ሰው የሚጭን ሚኒቫን ገዙ። «ለአባዬ» ተባለ። ሁለቱ የየራሳቸው መኪና ስላላቸው የሚነዳው የእሷ ሥራ ሆነ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለአባቷ ጉልበት ሕክምና፣ በወር አንድ ቀን ለዓይኑ፣ በየመሐሉ ደግሞ ለእህቷ ልጆች፣ ለወንድሟ አማት፣ ሶፋ ለሚያዛውር፣ ሻንጣ ለሚቀበል ሁሉ። አልተከፋችም። ያ የሾፌር ወንበር በሕይወቷ ውስጥ ማንም ተነሽ ሳይላት የምትቀመጥበት ብቸኛ ወንበር ነበር። የራሷን መሞረጃ ማሽን ገዝታ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለራሷ መሥራት የምትችልበትን መላ ያወጣችውም እዚያ ወንበር ላይ፣ አባቷን ሕክምና ቤት በር ላይ ስትጠብቅ ነው። አራት ዓመት አጠራቅማለች። ስድስት ወር ያህል ነበር የቀራት።

ታላቅ ወንድሟ በቤተሰቡ ዘንድ መሐንዲሱ ይባላል። ምሕንድስና አልተማረም፤ የወለል ሴራሚክ ነው የሚሸጠው። ስሙ የወጣለት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የግቢያቸው የውሃ ፓምፕ አልነሳ ያለ ዕለት ነው። ፓምፑን ፈታ፣ ብሎኖቹን በጋዜጣ ላይ ደረደረ፣ መልሶ ገጠመው፤ የመጨረሻዋን ብሎን ሲያጠብቅ ጠፍቶ የዋለው መብራት መጣና ፓምፑ ተነሳ። እናቱ አለቀሰች። ሁለት ብሎን ተርፎ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ማንኛውም የሚሽከረከር ነገር ያለ እሱ ፈቃድ አይነካም፤ እሱም ወደሚታመመው ነገር ሁሉ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይሰማኛል» ይላል። ለሚኒቫኑም የእሱ መመሪያ ነበረው። ትንሿ ስትነዳ አጠገቧ ከተቀመጠ እግሯን ያያል፣ እጇን ያያል፣ መንገዱን አያይም። «ፍሬኑን ቶሎ ትይዢዋለሽ። አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደ አህያ አይጎተትም፤ ስሜት አለው» ይላታል። ለጋሼ መልስ አይሰጥም፤ እሷም አትሰጥም።

ካምቢዮው የሞተው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ወደ ዓይን ሕክምናው በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። ነዳጅ በረገጠች ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ነፋባት። አባቷ ከጎኗ የእጅ ፍሬኑን ይዞ «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ይላል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ ገባ። መሐንዲሱ ከሱቁ እየበረረ መጣና፣ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ሕዝቡ መሐል «ምን አደረግሽው?» አላት። ይህ ጥያቄ አልነበረም። ማታውን እህቷ ደውላ፣ «እኔ ድሮም ሴት ልጅ ይህን የሚያክል መኪና ይከብዳታል ብያለሁ» አለቻት፤ እህቷ ራሷ የባንክ ቅርንጫፍ ታስተዳድራለች። ትንሿ በአሥራ ሁለቱ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እግሯን መርምራለች! እውነት ፍሬን ቶሎ እይዝ ይሆን? እውነት ዳገቱ ላይ አስጨንቄው ይሆን? አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ የመሞረጃውን ማሽን ፔዳል ስትረግጥ የገዛ እግሯን እንደ ባዕድ ስታየው ራሷን አግኝታለች። ወንድሟን ለመውቀስ አልደፈረችም፤ መሐንዲሱ ለመኪናው ያለውን አሳቢነት አይታለችና። ከወር በፊት እሷ ለሦስት ቀን ሥልጠና ሌላ ከተማ በሄደች ጊዜ መኪናውን ተውሶ ነበር፤ ስትመለስ ውጭ ውስጡ ታጥቦ፣ ምንጣፉ ተራግፎ፣ ነዳጁ ሞልቶ ነው ያገኘችው። በዘመኗ ያለ እሷ እጅ የታጠበ መኪና አይታ አታውቅም። እሑድ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ ተነሥታ አመሰገነችው። እሱም «ምን አለበት፣ ለእህቴ ነው» ብሎ እጁን አወናጨፈ፤ ሚስቱ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ትንሿ ያኔ የሴትየዋ ጨዋነት ነው የመሰላት።

ከሥራ የዕለቱን ፈቃድ ጠየቀች። መኪናው የገባበት ጋራዥ ከከተማው ዳር፣ የድሮ ዱቄት ፋብሪካ የነበረ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ካምቢዮ ብቻ እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሌላ ነገር የሚያስነካ ካለ እንዳይገባ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ውስጡ እንደጠበቀችው አልተዝረከረከም። የተፈታ ሁሉ በየሳህኑ ተቀምጦ ስም ተለጥፎበታል፤ ወለሉ ላይ መጋዝ ተበትኗል፤ በጥግ በኩል አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ መነጽር በሽቦ የታሰረለት ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ትንሿ ከሰውዬው በፊት መነጽሩን አየች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ቁጥር ሲጠቀም እንደኖረ ከዓይኑ አጨናነቅ ገባት። ካምቢዮ ሠሪው እሱ ነበር። የየትኛው መኪና ባለቤት እንደሆነች ስትነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

«ወንድምሽ ሦስት ጊዜ ደውሏል» አላት። «ሳትከፍቱ በሌላ ቀይሩት፣ አሮጌውንም ጣሉት ይላል። እኔ ደግሞ፣ ልጄ፣ የሞተበትን ሳላውቅ የቀበርኩት ካምቢዮ የለም። ስንት ሄዷል?»

«ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር።»

«ሕፃን ነው እኮ! እናቱን ገና የጠባ። ነዪ እስቲ።»

ረጅም ጠረጴዛ ላይ የተዘረዘረውን አሳያት። በየሳህኑ የተቀመጡት ቀለበቶችና ጥርሶች ለእሷ ምንም አልነበሩም፤ ሆኖም መስታወት የሚሞርድ ሰው የተላገ ነገር ሲያይ ያውቃል። ለስልሶ መብለጭለጭ የሚገባው ብረት በሰማያዊና በቡና ዓይነት ተቃጥሎ ተቧጥጧል። መስታወትን ውሃ ሳታስነካ ብትሞርደው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሥራ በጀመረች ሳምንት አንድ መስታወት ልክ እንዲህ አቃጥላ ተቆጥተዋታል። «ደረቁን ነው የዞረው» አለች ሳታስበው። ሽማግሌው በተሰነጠቀው መስታወት በኩል ቀና ብሎ አያት። «ማን ነገረሽ?» አላት ደስ ብሎት። «ደረቁን ነው። አየሽ፣ ይሄ ዕቃ ዘይቱን የሚያገኘው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ነው ዘይቱን የሚገፋለት። አንድ ብልጥ ደግሞ ሞተሩን ያጠፋና፣ ማርሹን ነጻ ላይ ያደርግና፣ በገመድ አስሮ ይጎትተዋል። ጎማው ሲዞር ውስጡ አብሮ ይዞራል፤ ዘይት ግን የለም። አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ይቅር እንበል። ይሄ ግን አምስት አይደለም፣ አሥርም አይደለም። የድሮ መኪና እንዲህ ቢጎትቱት ምንም አይለውም ነበር፤ ለዚህ ነው የሚሳሳቱት፣ በተለይ መኪና አውቃለሁ የሚሉት። የማያውቅማ የሚያውቅ ይጠራል።»

«ተጎትቶ አያውቅም» አለች ትንሿ።

ካምቢዮ ሠሪው አልተከራከራትም። እጁን ጠርጎ ወደ ሚኒቫኑ መራት፤ መኪናው ሆዱ ተከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል። በፊተኛው ፓራውልት በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት የምታክል አራት ማዕዘን ክዳን የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ክዳኗ መጥፋቷን አይታ ነበር፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሰው ነቅሏት ይሆናል ብላ ትታዋለች። ሽማግሌው ጣቱን ከቀዳዳው ከተተና የብሎኑን ጥርስ አሳያት፤ በዙሪያው ቀለሙ በገመድ ተፍቋል። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው የመፍቻዎች ከረጢት ውስጥ ክንድ የምታክል ብረት አወጣ፤ ጫፉ ቀለበት፣ ጭራው ብሎን። መጎተቻው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር፤ ክሪኩ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣም። መጎተቻው ላይ ግን ጭቃ ደርቋል፣ ቀለበቱ ውስጥ የሰማያዊ ናይለን ገመድ ጭረት ተሰክቶ ቀርቷል። መኪናውን ውጭ ውስጡን ሲያሳጥቡ ይህችን ብቻ ረስተዋታል።

«ገመድ የታሰረበት መኪና መሪ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል» አለ ካምቢዮ ሠሪው ለራሱ ያህል። «ሞተሩ ጠፍቶ መሪው ድንጋይ ነው የሚሆነው። ፍሬኑም። ማን እንደያዘው ባላውቅም ትከሻው ሳምንት ሳያመው አልቀረም።»

ትንሿ መጎተቻዋን ጠየቀችው፤ ጠቅልሎ ሰጣት። ልትወጣ ስትል ተመልሳ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቀችለት፣ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው፣ የምትሠራበትን መነጽር ቤት አድራሻም በካምቢዮ ካርቶን ላይ ጻፈችለት። «እንዲህ ሆነው ብሎን ያስራሉ?» አለችው። በዚያ ቀን ከሰው ጋር ያወራችው የመጨረሻው ቀላል ነገር ይህ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ የአባቷን ትከሻ አሰበች። ከሥልጠናው የተመለሰች ማታ «ትራሱ ነው መሰለኝ ያጣመመኝ» ብሎ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቅባት ቀብታ አሽታዋለች፤ ቀኝ ትከሻው እንደ ጠጠር ደርቆ፣ መዳፉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ነገር ነበረ። «ይሄስ?» ስትለው «ከዘራ ይዤ መሆን አለበት» አላት። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። መንጃ ፈቃዱን በዓይኑ ምክንያት ከወሰዱበት አራት ዓመት ሆኖታል። የመጨረሻውን መነጽሩን የሠራችው እሷ ናት፤ መስታወቱን በጣቷ ይዛ ሞርዳዋለች፤ የሚያየው ምን ያህል፣ የማያየው ምን ያህል እንደሆነ በዚህ ዓለም ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በቀን ብርሃን፣ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ለእሱ ቀለም ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ቤት ስትደርስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ሬድዮ ያዳምጣል። ሳሎኑ ለአሥር ሰዓቱ ስብሰባ ተጠርጓል፤ ጠርጋ የሄደችው ጠዋት ራሷ ናት። ሬድዮውን ዝቅ አደረገችና መጎተቻዋን እጁ ላይ አኖረችለት። አባቷ ዓይኑን አላወረደም፤ ማውረዱም ስለማይጠቅመው። ጣቶቹ ብሎኑን ጀምረው ቀለበቱ ድረስ ሄዱ፣ ጭቃውን ፈረፈሩ፣ ናይለኑን አገኙ። እዚያ ቆሙ። ሬድዮው ውስጥ አንድ ሰው ስለ ነገ አየር ሁኔታ እያወራ ነው።

«ሰባ ኪሎ ሜትር» አለ አባቷ በስተመጨረሻ። «ቦታ ሊያሳየኝ ወስዶኝ፣ ስንመለስ የሞተሩ ቺንጊያ ተበጠሰ። የሱቁን ፒክአፕ ከነሾፌሩ አስመጣ። እሱ ከፊተኛው ሆኖ መምራት አለብኝ አለ፤ መሪውን ማን ይያዝ? ፒክአፑ ነጭ ነው። ነጩን እያየሁ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ለዓመታት ያልሰማችው፣ ልጅ ሳለች ከሥራ ሲገባ የነበረው ድምፅ መጣ። «አንድ ጊዜ እንኳ ገመዱን አላላሁትም፣ ትንሿ። አንድ ጊዜ! ሾፌሩ ወርዶ እጄን ጨበጠኝ።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ዓይነ ስውር ሊባል ጥቂት የቀረውን ሽማግሌ ጋሪ ውስጥ እንደተቀመጠ ጆንያ ከኋላ አስሮ ሰባ ኪሎ ሜትር መጎተትን የፈቀደ ጭንቅላት፣ ያው በስልክ ጨረር እንዳይጎዳ የሚጠበቀው ጭንቅላት መሆኑን ስታስብ ግን ሳቅ የመሰለ ነገር ጉሮሮዋ ላይ መጣና ተመለሰ።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሰድቡኝ እየሰማህ ነበር፣ አባዬ።»

«እንዳትናገር ብሎኛል። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ዛሬ ትናገራለህ?»

መጎተቻዋን መለሰላት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ እዚያ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል። «አንቺ ትችይዋለሽ» አላት። «እሱ አይችለውም። ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ ተሳስተሃል ከተባለ ምግብ አይበላም።»

ምሳውን አቀረበችለት፤ ጥርሱን ከብርጭቆው አውጥታ ሰጠችው። እሱ ጨርሶ በላ።

አሥር ሰዓት ላይ መጡ። እህቷ ከባንክ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ሰደርያዋን አላወለቀችም፤ ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ምልክት ተሰክቷል፣ ለወንድሟና ለእህቷ ማንነቷን ማሳወቅ ያለባት ይመስል። መሐንዲሱ የአባቱን ግንባር ሳመ፣ መሐል ያለውን ሶፋ ያዘ፣ ሚስቱ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ስለ መንገድ መጨናነቅ ተወራ። ስለ እህቷ ልጅ ፈተና ተወራ። ስለ ሴራሚክ ዋጋ ተወራ፤ የአንድ ካሬ ዋጋ በዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል፣ ደግነቱ መሐንዲሱ አስቀድሞ ተሰምቶት ብዙ ገዝቶ አስቀምጧል። ትንሿ ሻይ አመጣች። ማንም ወደ ነገሩ ለመግባት አልቸኮለም፤ የተወሰነ ነገር አያስቸኩልም። በመጨረሻ መሐንዲሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትንሿ፣ እዚህ የተሰበሰብነው አንቺን ለመውቀስ አይደለም» አላት።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች እህቷ።

«ሰው ይሳሳታል። ማሽን ግን ስህተት አያውቅም፤ የነኩትን ያህል ነው የሚመልሰው። ካምቢዮ በሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞትም፣ ይገደላል እንጂ። እኔ በግሌ ምንም ቅሬታ የለኝም። ለአንቺም ዕረፍት ነው። ማሠሪያውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀን የራስሽ ቤተሰብ ሲኖርሽ ትምህርት ይሆንሻል።» እህቷ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል። መሐንዲሱ ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን ከፈተ፤ ያንኑ ስልክ የሚያስቀምጥበትን፣ የሾርባ ሳህን የሚመስለውን መዳፉን። «እስቲ ቁልፉን።»

ትንሿ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መጎተቻዋን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ይህ ቤተሰብ ሁሉን የሚጠይቅ ቤተሰብ ነው። አዲስ ጫማ ስታደርግ ከየት እንደገዛችው ይጠይቃል፤ ስልኳ ሲጮህ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከሥራ ሩብ ሰዓት ብትዘገይ ሦስት ሰው ይደውላል። አሁን በቀን ብርሃን፣ ሳሎን መሐል፣ ጭቃ የደረቀበት፣ ክንድ የሚያህል ብረት በአንድ ባለ ንጹሕ ሸሚዝ ሴራሚክ ነጋዴ መዳፍ ላይ ተጋድሞ፣ «ምንድን ነው?» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ትንሿ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ማየት ሥራዋ ነው። የወንድሟ ሚስት ምሳ ላይ ያቀረቀረችውን ያህል አቀረቀረች። እህቷ ደረቷ ላይ ያለውን ስሟን በእጇ ሸፈነች። ትንሿ ጋራዡ ውስጥ ያልገባት ነገር ያኔ ገባት፤ እውነቱን ይዛላቸው የመጣች መስሏት ነበር፣ እነሱ ግን ከእሷ በፊት ያውቁት ነበር። ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት፤ እያለቀሰች እግሯን ስትመረምር የከረመችው።

መሐንዲሱ መጎተቻውን እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሚስቱ ብድግ አለች። «ጠረጴዛው ይቆሽሻል» ብላ ብረቱን አንሥታ ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፈች፣ ጠርዙን አስተካከለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ቢጎተት ምንም አይሆንም ብሎ ነግሮን ነበር እኮ...» ያለችው እህቷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ አፏን ዘጋች።

ሻዩ ቀዘቀዘ። መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማው፣ የተበላሸውን እንዲያገኘው። ተሰማውም።

«እኔ ማን ምን አደረገ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም» አለ፤ ድምፁ ለስልሶ ነበር። «ታላቅ ነኝ። ቤተሰብ በብረት አይጣላም። ማሠሪያውን እኔ እችላለሁ። ሙሉውን። ትንሿም የራሷን ገንዘብ ለማሽኗ ታውለው። ቁልፉም እሷ ጋ ይቆይ፤ በቃ።»

ሳሎኑ ውስጥ እስትንፋስ ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣ። «እንዲህ ነው እንጂ ታላቅ!» አለች እህቷ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አንተ ባትኖር ይሄ ቤት ምን ይሆን ነበር?» ሚስቱ የባሏን ክንድ በኩራት ነካ አደረገች። አባታቸው ከዘራውን ለቆ እጁን በአየር ላይ ዘረጋ፣ የልጁን ጉልበት እስኪያገኝ ዳበሰ። «ተባረክ» አለው። መሐንዲሱ እጁን አወናጨፈ፤ ምን አለበት፣ ለእህቴ ነው። መጎተቻው ጋዜጣው ላይ፣ በስኳር ሣህኑና በብስኩቱ መካከል ተጋድሞ ነበር።

እህቷ ወደ ትንሿ ዞረች፤ የገዛ እንባዋን በጣቷ እየጠረገች፣ ቅሬታ በተቀላቀለበት ፈገግታ።

«ምን ዝም ትያለሽ? አመስግኚው እንጂ!»

«አመስግኜዋለሁ፣ እትዬ» አለች ትንሿ፤ ብርጭቆዎቹን ሳታነሣ ቦርሳዋን እየዘጋች። «መኪናውን አሳጥቦ ያመጣ ቀን።»